ከኬላው በፊት የታጠፈው መስመር

መብራቱ የሄደው አሰልጣኝ እዩኤል መሣሪያውን ከፌስታል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሊያኖር ሲል ነው።

«ይኸው!» አለ እጁን እንዳንጠለጠለ። «ለእኔ ሲሆን መብራትም ያድማል።»

«ተቀመጥ፣ አሰልጣኝ። ጄኔሬተር አለ» አለችው ሪም።

ከመጋረጃው ጀርባ የኮፒ ቤቱ ባለቤት የእትዬ አገኘሁሽ ድምፅ መጣ። «ጄኔሬተርማ አለ! ውኃ የሚጠጣ መስሏችኋል? ስንት ገጽ ነው ሰውየው የሚያሳትመው?»

«ገና አልታወቀም፣ እትዬ።»

«ከአሥር ገጽ በታች ከሆነ መብራቱን ይጠብቅ በይው።»

ይህን ብለው መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉ። ሰውየውን አዩት፤ ፌስታሉን አዩት፤ ከዚያ ሪምን አዩ። ወደ ውስጥ ተመለሱ። ትንሽ ቆይቶ ጄኔሬተሩ እንደ ሽማግሌ ሁለት ሦስቴ ስሎ ተነሣ።

ቤንዚኑ ከሪም አጎት የመጣ ነው። ማደያው በር ላይ ባጃጆች ተሰልፈው በሚያድሩበት፣ ቤንዚን በሃይላንድ እየተለካ ከጓሮ በሚሸጥበት በዚህ ጊዜ እትዬ አገኘሁሽ ጄሪካናቸው ጎድሎ አያውቅም። «ዘመድ ያላት ጸሐፊ መቅጠር ነው» ይላሉ ለጎረቤት።

ሙስጠፋ ከተቀበረ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። የሪም ታናሽ ወንድም ነበር፤ ለክለቡ ብስክሌት ይነዳል። እሑድ ማለዳ ከአሶሳ ተነሥቶ፣ ባምባሲ ደርሶ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍየል ገባችበትና ወደቀ። በዚያው መንገድ በፒክአፕ ሲመጣ የነበረው የእናቱ ወንድም ዓብዱልላጢፍ አገኘው፤ ልጁንም ብስክሌቱንም ጭኖ አመጣ። ሐኪም ቤት ሲደርሱ ነፍሱ ወጥታ ነበር። ይህን ያህሉን ከተማው በሙሉ ያውቃል።

መሣሪያው ያን ቀን የብስክሌቱ መሪ ላይ ታስሮ የነበረው ነው። ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። ከሳተላይት ጋር እየተነጋገረ ብስክሌቱ የት እንዳለ፣ ስንት እንደሚሮጥ፣ ምን ያህል ዳገት እንደወጣ ይመዘግባል። አንዱ ማዕዘኑ ተሰንጥቋል። የክለቡን የሥልጠና ሪፖርት በየወሩ የምታትመው ሪም ስለሆነች ዕቃው አዲስ አይደለም፤ ስንጥቁ ነው አዲስ።

«ነገ ጠዋት የክለቡ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ» አለ እዩኤል። «የክሱን ወረቀት መቼም አይተሽዋል።»

«አይቼዋለሁ።»

«አጻጻፉ ጥሩ ነው። የአንቺ እጅ መሆኑን ያወቅሁት ከአራት ነጥቡ ነው። በዚህ ከተማ አራት ነጥብ የሚያኖር ሌላ ጸሐፊ የለም።»

ሪም አንገቷን ደፋች። አቤቱታውን ያስጻፋት አጎቷ ነው። እቤት ሲሆን በበርታ ቋንቋ የሚያወራት ሰውዬ፣ የመንግሥት ወረቀት በመንግሥት ቋንቋ ነው ብሎ፣ ከዚሁ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ በአማርኛ አስጻፋት። «ይህ አሰልጣኝ ልጃችንን ብዙ አስነዳች። ከአቅሟ በላይ አስሮጠች። በዚህ ሞተች» አለ። እሷም ወንድሟን ወደ ወንድነቱ፣ አሰልጣኙንም እንዲሁ መልሳ፣ አስተካክላ አተመችው። አጎቷ ቤተሰቡን ወክሎ ፈረመ። ወረቀቱ ስለ ክለብ እንጂ ስለ ሙስጠፋ የሚያወራ አልመሰላትም ነበር።

«ምንድን ነው የያዙብህ?»

«ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ደርሶ መልስ ዘጠና ኪሎ ሜትር ነው፤ መሣሪያው መቶ አሥራ ሦስት ይላል። "ሃያ ሦስቱን ለልጁ በቅጣት የጨመርህበት ነው" አሉኝ። ሁለተኛ፣ ከፍተኛው ፍጥነት ዘጠና ስድስት ይላል። በሰዓት ዘጠና ስድስት፣ ሪም! እንዲህ የሚነዳ ልጅ ቢኖረኝ እኔ አሶሳ ምን እሠራለሁ?»

«ቁጥሩን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ። የመጀመሪያውን ገጽ በስልኬ አንሥቼ ላክሁላቸው። መሣሪያው ይመሰክርልኛል ብዬ።» ባዶውን ፌስታል አጣጠፈ። «መሰከረ።»

«አንተ ግን አብረህ አልነበርህም?»

«በምን? ተከታይ መኪናው ነዳጅ የለው። እኔ እሑድን ማደያ ሰልፍ ላይ ነበርሁ። ልጆቹን አንድ በአንድ እያራራቅሁ ለቀቅኋቸውና ሄጄ ተሰለፍሁ። ሙስጠፋ የመጨረሻው ነበር።»

ሪም መሣሪያውን አገላበጠችው። «ከወደቀ በኋላ ማን አጠፋው?»

«ማንም። ልጆቹ ቁልፍ እንዳይነኩ ከልክያለሁ፤ አንዱ ነካካና የአንድ ወር ሥልጠና ደመሰሰብኝ። የማበራውም የማጠፋውም እኔ ነኝ። ያን ቀንም ሐኪም ቤት ስደርስ ብስክሌቱን ፒክአፑ ላይ አየሁት፤ ሄጄ ቁልፉን ተጫንሁት። ከዚያ በኋላ ነው ልጁስ ብዬ የጠየቅሁት።» ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። «ልማድ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ እስከ ሐኪም ቤቱ ድረስ ይመዘግብ ነበር ማለት ነው።»

«እ?»

«መኪናውንም ቆጥሮታል፣ አሰልጣኝ።»

እዩኤል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ዘጠና ስድስቱ የፒክአፑ ነዋ! የፈጣሪ ያለህ! እኔ እኮ ልጁ ቁልቁለቱ ላይ ብስክሌቱን ለቅቆት ይሆን እያልሁ ስንት ቀን እንቅልፍ ያጣሁ ሰውዬ ነኝ!» ወዲያው ደግሞ ፊቱ ቀዘቀዘ። «ኪሎ ሜትሩስ? በብስክሌትም መጣ በመኪና፣ መንገዱ ያው መንገድ ነው። ዘጠና ነው መምጣት ያለበት።»

«እሱን ልየው።»

«ከዚህ እስከዚህ ብስክሌት፣ ከዚህ እስከዚህ መኪና ብለሽ ለይልኝ። ካርታም ይኑረው። ጠዋት ሳልገባ እወስደዋለሁ።» ተነሣና በሩ ላይ ቆመ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ሲቆም እንዳይቆጥር አድርጌ ነው ያስተካከልሁት። ኬላ ላይ መታወቂያ እስኪታይ የሚቆሙት ጊዜ አማካዩን እየጎተተው "ልጆቹ መንገድ ላይ ይተኛሉ ወይ?" እያሉ ያላግጡብኝ ነበርና።»

«ስለዚህ የቆመበትን አያሳይም።»

«አያሳይም። ለሪፖርት ያምራል» አለና፣ ያለው ነገር ለራሱም ደስ ሳይለው፣ ወጣ። ከደጅ ሆኖ እንደገና ራሱን አስገባ። «ሥራዬ ብቻ ቢሆን ግዴለም። ጉዳዩን ለፖሊስ እናስተላልፋለን ብለዋል፣ ሪም።»

ገመዱን ሰካችው። እዩኤል ያየው ማጠቃለያውን ነው፤ ማጠቃለያ ደግሞ የነዳውንም የተጫነውንም አንድ ላይ ደምሮ የሚያቀርብ ነገር ነው። ሪም ወደ ውስጠኛው ሰንጠረዥ ገባች። እያንዳንዷ ሴኮንድ አንድ መስመር አላት፤ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ፍጥነቱ፣ ከፍታው፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ የልብ ምቱ። ክለቡ ደረት ላይ የሚታሰር የልብ ምት መቁጠሪያ ቀበቶ አንድ ብቻ ስላለው ልጆቹ በተራ ነበር የሚያስሩት፤ የዚያን እሑድ ተራው የሙስጠፋ ነበር።

መጀመሪያ ያስቸገራት ሰዓቱ ነው። እየተከተለ ይወርድና ድንገት ይዘላል። የመጀመሪያው ዝላይ የት እንደሆነ ካርታው ላይ ስታየው ከአሶሳ መውጫ ያለው ኬላ ሆነ። ያን ጊዜ ገባት፤ መሣሪያው ሲቆም ዝም ይላል፣ ሲንቀሳቀስ ይቀጥላል። ዝም ያለበትን የሚያጋልጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዝላይ ስታገኝ እየጠየቀች ሄደች። ባምባሲ ላይ አጭር ዝላይ፤ ውኃ ጠጥቶ ዞረ። ሲመለስ ዳገት፤ ቁጥሮቹ ያምጣሉ። ከዚያ ቁልቁለት። ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ አንድ፣ ባዶ።

እዚህ ላይ እጇን ከማውሱ ላይ አነሣች። ሃምሳ ሁለት ነው የነዳው። በብስክሌት የሄደው ደግሞ ጠቅላላው ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ወዲያ ያለው በሙሉ የፒክአፑ ነው። የእዩኤልን ጉዳይ በዚህ ጨርሳዋለች፤ ልታትመው ትችል ነበር። ግን ከባዶው ሥር ሰዓቱ ዘልሎ ቀጣዩ መስመር ይጀምራል፣ የመጨረሻው ዓምድም ላይ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ትልቅ ይሁን ትንሽ አላየችም። መኖሩን ነው ያየችው።

ወደ ታች ወረደች። አለ። አሁንም አለ።

እናቷ ለሚመጣ ለቀስተኛ ሁሉ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ «በወንድሜ ክንድ ላይ ነው የሞተው፣ ወዲያው፣ ሸሃዳውን ብሎ።» ዓብዱልላጢፍ እንዲያ ብሎ ነግሯታል።

ካርታውን ከፈተች። የፒክአፑ መስመር አስፋልቱን ይዞ ወደ አሶሳ ይመጣል፤ ኬላው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይታጠፋል። ወደ ጥርጊያው መንገድ ገብቶ፣ ተጠማዝዞ፣ ወንዙን ተሻግሮ አንድ ቦታ ላይ ያበቃል። ሪም ቦታውን ለማወቅ የቦታ ስም አላስፈለጋትም። የአጎቷ የማንጎ ቦታ ነው። ልጅ እያሉ እሷና ሙስጠፋ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክረምቱን እዚያ ያሳልፉ ነበር፤ ፊታቸው በማንጎው ሙጫ አብጦ ነበር የሚመለሱት። አሁን ከዛፎቹ ሥር ምን እንደሚቀመጥ ቤተሰቡ ያውቃል፣ ማንም ግን አያወራም። የቤንዚን በርሜል ነው የሚቀመጠው።

እዚያ ቦታ ላይ ሰዓቱ ዘለለ። የዕለቱ ረጅሙ ዝላይ እሱ ነው።

ከዚያ መስመሩ በመጣበት ጥርጊያ ተመልሶ አስፋልቱን ይዟል። ኬላውን ብዙም ሳይቆም አልፏል፤ በርሜሉን ያራገፈ መኪና ምን ያስቆመዋል። ፍጥነቱ ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና ስድስት። የአጎቷ ፒክአፕ እንዲህ እንደሚሮጥ አታውቅም ነበር። የመጨረሻው ዓምድ ቁጥሩ እየወረደ፣ እየወረደ፣ የከተማው መግቢያ አደባባይ ላይ ባዶ ሆነ። ከአደባባዩ እስከ ሐኪም ቤቱ በባጃጅም ሩቅ አይደለም። ከተጫነበት እስከ ሐኪም ቤቱ፣ ግማሽ ሰዓት በማይፈጅ መንገድ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

«ሪም» አሉ እትዬ አገኘሁሽ በመጋረጃው በኩል። «ጨረስሽ ወይስ ልጨምርበት?»

«ያጥፉት» አለች።

እቤት ስትደርስ የአጎቷ ፒክአፕ ደጅ ቆሟል። ግቢው ውስጥ ከመንጌ የመጣች ዐፊፋ የምትባል የእናቷ የሩቅ ዘመድ አለች፤ መርዶውን ዘግይታ ሰምታ ገና ዛሬ መድረሷ ነው። እናቷ ሳሊማ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ዓብዱልላጢፍ ስኳርና ሩዝ አስወርዶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ሙስጠፋ ከሞተ ወዲህ ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም።

«ንገራት እንጂ» አለች ሳሊማ ወንድሟን። «ዐፊፋ አልሰማችም።»

«አንቺ ነግረሻት የለም?»

«ከአንተ ትስማው። ከእኔ ምን ያደርግላታል።»

ዓብዱልላጢፍ ጉሮሮውን ጠረገ። ሪም እንደገባች አላያትም። «ስደርስ ዓይኑ ክፍት ነበር። ራሱን ክንዴ ላይ አደረግሁት። ላ ኢላሃ ኢለላህ አለ፤ ጥርት አድርጎ። ፈገግ አለ። ከዚያ ዓይኑን ከደነ። ወዲያው ነው፤ አልተሠቃየም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዐፊፋ ዕንባዋን እየጠረገች።

«ሰማሽ?» አለች ሳሊማ። «አልተሠቃየም።» ፊቷ ላይ አንዳች ነገር ላላ። ባለፈው ሳምንት ሲተርክ ፈገግታው አልነበረም፤ ከዚያ በፊት ጥርት አድርጎ የሚለው አልነበረም። ወሬው እየተነገረ ሲሄድ እየተስተካከለ ነው። ሳሊማም በየጊዜው የተጨመረውን ሳትጠራጠር እንደ አዲስ ልብስ ተቀብላ ትለብሰዋለች።

አጎቷ ሊሄድ ሲነሣ ሪም ተከትላው ወጣች። ፒክአፑ ጋ ደርሶ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ኻሊ» አለችው፤ የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲያ ነው። «ማንጎው ቦታ ምን ልትሠራ ሄድህ?»

«መቼ?»

«ሙስጠፋን ይዘህ።»

እግሩ ቆመ። ወደ ግቢው አየ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሳይክሉ ላይ የነበረችው ዕቃ። አንተ ስትነዳ እሷ ትጽፍ ነበር።»

«ያቺ ትንሿ?» አለ። የሚስቅ መሰለ፤ አልሳቀም። «ለማን ነገርሽ?»

«ስንት በርሜል ነበር የጫንኸው?»

«ስሚኝ። ኬላው ላይ ሰሞኑን አዳዲስ ልጆች ናቸው። አያውቁኝም። ነዳጁን ቢያዩ መኪናውን ይይዛሉ፣ እኔን ያስሩኛል። ከዚያ ሙስጠፋን ማን ያደርሰው ነበር? ንገሪኝ! እዚያው ኬላው ሥር ነበር የሚሞተው። እኔ ልጁን ለማድረስ ብዬ ነው የታጠፍሁት።»

ሪም አሰበችበት። ውሸት አይመስልም ነበር። «በርሜሎቹን እዚያው መንገድ ዳር ማንከባለል ነበር» አለች።

ዓብዱልላጢፍ ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የሆነ ሒሳብ እንደገና የሚሠራ ይመስል ነበር። መንገዱን፣ ገደሉን፣ የፒክአፑን የኋላ በር፣ ሁሉንም በዓይኑ የሚያየው መሰላት።

«አላሰብሁትም» አለ። «ወላሂ፣ ሪም፣ አላሰብሁትም።»

ያመነችው በዚህ ነው። ሊዋሽ ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ነገር አያጣም ነበር።

«ምን ይልህ ነበር?»

«ማን?»

«ሙስጠፋ። ከተማው መግቢያ ድረስ ነፍስ ነበረበት። ደረቱ ላይ ያሰረው ቀበቶ ልቡን ሲቆጥር ነበር።»

አጎቷ የፒክአፑ መርገጫ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ነው፤ መኪናው ወደ እሱ ዘመም አለ።

«ሳይክሉ ተሰበረ ወይ አለኝ» አለ። «ውኃ አለኝ። ማንጎው ቦታ ስንቆም፣ ኻሊ ደረስን ወይ አለኝ።»

«ምን አልኸው?»

«ደርሰናል አልሁት።»

ከግቢው ውስጥ የሳሊማ ድምፅ ተሰማ። «ሪም! አጎትሽ ሳይበላ እንዳይሄድ!»

«በልቷል፣ እማ!» አለች ሪም። ድምፅዋ እንደ ወትሮው መውጣቱ ገረማት። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «ነገ ኮሚቴው ዘንድ ሄደህ ክሱን አንሣ። ተሳስቼ ነው በል» አለችው።

«ምን ብዬ ነው የተሳሳትሁት? ይጠይቁኛል።»

«ሰውየው ሊታሰር ነው።»

«እኔስ?» ተነሣ። «አሰልጣኙ ሌላ ሥራ ያገኛል፤ አውቃለሁ፣ ይህን ማለት ደግ አይደለም። ሳሊማ ግን ሌላ ልጅ አታገኝም። የነገርኋት ነገር ናት የምታስተኛት። ያቺን ነገር ቀምተሻት በምትኳ ምን ትሰጫታለሽ?» በሩን ከፍቶ ገባ። ሞተሩን አስነሥቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ቢደርስስ ይድን እንደነበር ማን ያውቃል? አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ክሱን ታነሣለህ?»

«ነገ እናያለን» አለ። ቤንዚን በዱቤ ለሚጠይቁትም የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው።

በማግስቱ ከእትዬ አገኘሁሽ ቀድማ ከፈተች። መብራት ነበር። እናቷ ነጭ ሻሽዋን አስራ ወደ ኮሚቴው ልትሄድ ስትዘጋጅ ነው ጥላት የወጣችው፤ ወንድሟ በፒክአፑ ሊወስዳት ቀጥሯታል።

ካርታውን አዘጋጀች። ብስክሌቱ የሄደበትን በአረንጓዴ፣ ፒክአፑ የሄደበትን በቀይ። ቀዩ ከኬላው በፊት ታጥፎ ሄዶ ሲመለስ አንድም ሳታስቀር አኖረችው። ሃያ ሦስቱ ኪሎ ሜትር ያለው እዚያ ነው፤ እሱን ቆርጣ ብታወጣ እዩኤልን የምታወጣበት መንገድ የላትም። ከሥሩ «የወደቀበት»፣ «የተጫነበት»፣ «የቆመበት»፣ «የደረሰበት» ብላ ጻፈች። አራት ነጥብ አኖረች።

ቀጥላ ሰንጠረዡን ከፈተችው። የመጨረሻው ዓምድ ላይ እጇን አሳርፋ ቆየች። ዓምዱ ከሌለ አጎቷ ሬሳ ጭኖ በርሜል ሲያራግፍ የነበረ ሰው ነው። ነውር ነው፤ ኮሚቴው ያፈጥበታል፣ ሳሊማም ፊቷን ታዞርበት ይሆናል፣ ነዳጁን ፖሊስ ይጠይቀዋል። ዓምዱ ካለ ግን ሌላ ሰው ነው። ሳሊማም ሌላ እናት ናት፤ ደረስን ወይ ብሎ የጠየቀ ልጅ እናት።

ዓምዱን መርጣ አጠፋችው። ሰንጠረዡ ምንም ያልጎደለው መስሎ ወደ ግራ ተጠጋ። ሙሉውን ፋይል ፍላሽ ላይ ገልብጣ ከመሣሪያው ላይ ጠረገችው፤ ፍላሹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ አተመች።

እዩኤል ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ቆሞ አነበበ። መጀመሪያ ፊቱ በራ፤ ቀዩ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ይህ ምንድን ነው? ፒክአፑ ወዴት ነው የሄደው?»

«ካርታው እንደሚያሳየው ነው።»

«የአጎትሽ እኮ ነው፣ ሪም። ይጠይቁታል።»

«ይጠይቁት።»

አሰልጣኙ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እሷን አየ። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠ፣ ወደ ፊት ገለጠ። ያን ጊዜ ግንባሩ ተቋጠረ።

«የልብ ምቱስ? ተራው የእሱ ነበር። ቀበቶውን ጠዋት በእጄ ነው የሰጠሁት።»

«አልመዘገበም።»

«እንዴት አይመዘግብም?» ምላሱን አጮኸ። «ሳያረጥበው አስሮት ነዋ! ካልረጠበ አይሠራም፣ ደረት ላይ ከማሰራችሁ በፊት ውኃ ንኩት ብዬ ስንቴ፣ ስንቴ ነግሬዋለሁ! ይህ ልጅ እኮ አንዳንዴ ግዴለሽ ነበር።» ከአፉ ከወጣ በኋላ ሰማው። «ይቅርታ። ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

ሪም ገጾቹን ከእጁ ወስዳ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አስተካከለች።

«ረስቶት ይሆናል» አለች፣ ስቴፕለሩንም ተጫነችው።